በዲጂታል የደረት ራጅ ላይ ትንሿ ጥላ እንዳታመልጥ፦ ከማንሳት እስከ ማንበብ

በፊልም ዘመን ጨረር ሲበዛ ራጁ ይጠቁራል፣ ሲያንስ ይነጣል። ስህተቱ ስለማይደበቅ ወዲያው ይደገም ነበር። ዲጂታል ራጅ ግን ብሩህነቱን ኮምፒውተሩ አስተካክሎ ስለሚያወጣው የተበላሸውም ምስል ደህና ይመስላል። 1 ሴንቲ ሜትር የማትሞላ የሳንባ ጥላ ሐኪሙ ከማየቱ በፊት፣ ገና ራጁ ሲነሳ ልትጠፋ ትችላለች።

1. አንገትና ትከሻን ማጽዳት
ማተብ፣ ሐብል፣ ክታብና የጡት መያዣ ይውለቁ። ከሁሉም በላይ ሹሩባን ልብ ይበሉ። ትከሻ ላይ የወረደ ጉንጉን በሳንባው ጫፍ ላይ ነጣ ያለ ጭረት ይጥላል፤ ቲቢ የሚወደውም ይህንኑ ቦታ ስለሆነ በቀላሉ ያሳስታል። ጸጉሩ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ይታሰር። ተረስቶ ከተነሳ ጭረቱን በዓይን ይከተሉት፦ ከሳንባው ወጥቶ ወደ አንገት ከቀጠለ ጸጉር ነው።

2. አቋቋም
ታካሚው ቆሞ ደረቱን ዲቴክተሩ (ጨረሩን ተቀብሎ ምስል የሚያወጣው ሰሌዳ) ላይ ያስደግፋል፤ ጨረሩ ከጀርባው፣ ከ180 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይመጣል። ርቀቱ ሲያጥር ልብ ከልኩ በላይ ገዝፎ ይታያል፣ የጥላዎች ጠርዝም ይደበዝዛል። አገጭ ቀና፣ እጅ ወገብ ላይ፣ ትከሻ ወደ ፊት ይሁን፤ አለዚያ የትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት ሳንባውን ይሸፍናል። በግሪድ (የተበተነ ጨረርን በሚያጣራ ሰሌዳ) ሲነሳ ከ110 እስከ 125 ኪሎ ቮልት የማሽን ቮልቴጅ የተለመደ ነው። ጨረሩ የሚለቀቅበት ጊዜ ከ20 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል፣ ልብ ስለሚመታ። «አየር ይሳቡ፣ ያስወጡ፣ እንደገና በደንብ ይሳቡና ይያዙ» ማለት በአንድ ትንፋሽ ከማንሳት ይሻላል።

3. ታካሚው ሳይወጣ መፈተሽ
ከድያፍራም (ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ) በላይ 9 ወይም 10 የኋላ የጎድን አጥንቶች ይቆጠሩ። ካነሱ ሳንባው ስላልተነፋ የታችኛው ክፍል ታፍኖ ያልነበረ በሽታ ያስመስላል። የሁለቱ ክላቪክሎች (ከአንገት ሥር ያሉት አግዳሚ አጥንቶች) የውስጥ ጫፎች ከአከርካሪው እኩል ይራቁ። በልብ ጥላ ውስጥ አከርካሪው በስሱ ይታይ።

ቀጥሎ ዲቴክተሩ ላይ የደረሰው ጨረር ከታለመው ምን ያህል እንደራቀ የሚናገረውን የዴቪዬሽን ኢንዴክስ ቁጥር ይመልከቱ። 0 የታለመው ልክ ነው፤ +3 የእጥፍ ያህል፣ −3 የግማሽ ያህል ጨረር ዲቴክተሩ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ጨረር ሲያንስ ከልብ ጀርባና ከድያፍራም በታች ያለው ክፍል አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ደካማ ጥላም እዚያው ይዋጣል። ኮንትራስት (የጥቁርና የነጭ ልዩነት) መጨመር አሸዋውንም አብሮ ያጎላዋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ይህን ሻካራነት በግማሽ ለመቀነስ 4 እጥፍ ጨረር ያስፈልጋል። ሆኖም ቁጥሩ ብቻውን ራጅ አያስደግምም፦ ምስሉ የሚነበብ ከሆነ +3 ስለሆነ ብቻ መድገም ታካሚውን በከንቱ ለጨረር ማጋለጥ ነው።

4. ማንበብ
ቢያንስ 3 ሜጋፒክስል የሆነ የምርመራ ስክሪን፣ ደብዘዝ ያለ ክፍል። የስክሪን ፎቶ በቴሌግራም ልኮ ማስነበብ ክፉ ልማድ ነው፤ ባለ 12 ቢት ዋናው ፋይል 4096 የግራጫ ደረጃዎችን ሲይዝ ተራው ፎቶ 256 ብቻ ይይዛል፣ ሲላክም ይጨመቃል።

ዓይን የሚዘላቸው ቦታዎች አራት ናቸው፦ ከክላቪክል ጀርባ ያለው የሳንባ ጫፍ፣ የሳንባው ሥር (የአየር ቧንቧና የደም ሥሮች ወደ ሳንባ የሚገቡበት ቦታ)፣ ከልብ ጀርባ፣ ከድያፍራም ጉልላት በታች። እያንዳንዱን ቀኝና ግራ እያነጻጸሩ ይዩ። አንድ ነገር ሲገኝ ፍለጋው እንዳይቆም፤ ሁለተኛው የሚያመልጠው ያን ጊዜ ነው። በታችኛው ሳንባ ላይ ክብ ጥላ ከታየ የጡት ጫፍ ሊሆን ስለሚችል በጫፉ ላይ ትንሽ ብረት ለጥፎ እንደገና ማንሳት ይለየዋል።

ለታካሚ ደግሞ፦ የድሮ ራጅዎን አይጣሉ፣ ይዘው ይሂዱ። 2 ዓመት ሙሉ መጠኑ ያልተለወጠ ጠጣር ኖዱል (ትንሽ ክብ እብጠት) በአብዛኛው ጉዳት የሌለው ስለሆነ ያ አሮጌ ምስል ከሌላ ምርመራ ሊያድንዎት ይችላል።