መጽሐፉና ፊልሙ ሲለያዩ፦ ገጸ ባሕርያትንና የፍቅር ታሪኮችን እንዴት እናነጻጽር?

የወደድነው ልብ ወለድ ፊልም ሆኖ ሲወጣ፣ ተመልክተን ስንጨርስ ከአፋችን የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ብዙውን ጊዜ ‹‹ይህ በመጽሐፉ ውስጥ የለም›› ወይም ‹‹ያንን ለምን ቆረጡት?›› የሚል ነው። አስተያየቱ ትክክል ሊሆን ቢችልም ንጽጽር ግን ገና አልተጀመረም። የተለወጠውን ነገር መቁጠር ማንም ትዕግሥት ያለው ሰው የሚችለው ሥራ ነው። ከባዱም ደስ የሚለውም ሥራ የተለወጠው ነገር በመጽሐፉ ውስጥ ምን ያገለግል እንደነበረ፣ በፊልሙ ውስጥስ ያንን አገልግሎት ማን ወይም ምን እንደተረከበው መፈለግ ነው። በተለይ የፍቅር ታሪክ ላይ ይህ ጥያቄ ካልተነሳ፣ ክርክሩ አንዱ እገሌን ሌላው እገሊትን ከሚደግፍበት ፉክክር አያልፍም።

ከሁሉ በፊት መጽሐፉን እንደገና ክፈቱ፤ በትዝታችሁ አትተማመኑ። ይህን የምለው ተሳስቼ ስላየሁት ነው። ወጣቶች በቴሌቪዥን እየታዩ እስከ ሞት በሚወዳደሩበት በ‹‹ዘ ሀንገር ጌምስ›› ውስጥ ተወዳዳሪዋ ካትኒስ በዋሻ ውስጥ ቆስሎ የተኛውን ሌላውን ተወዳዳሪ ፒታን ከሳመችው በኋላ በትንሽ ፓራሹት ሾርባ ይላክላታል። ከሾርባው ጋር አሠልጣኟ ሄይሚች ‹‹ይህም መሳም ተብሎ ነው?›› በሚል መንፈስ የጻፈው ብጣሽ ወረቀት አለ። ወረቀቱ በመጽሐፉ ውስጥ መኖሩን እርግጠኛ ሆኜ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ምሽቱን ሙሉ ከተከራከርኩ በኋላ መጽሐፉን ስናወጣ ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ያለው የሞቀ ሾርባ ብቻ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ፊልም በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፍ ላይ በጭንቅላቴ ውስጥ ተደርቦበት ኖሯል። ፊልም ካየን በኋላ የገጸ ባሕርያቱ መልክና ድምፅ ብቻ ሳይሆን ንግግራቸውና ድርጊታቸውም ወደ መጽሐፉ ትዝታችን ሾልኮ ይገባል። ስለዚህ ማንኛውንም ‹‹በመጽሐፉ ውስጥ አለ›› ወይም ‹‹የለም›› የሚል ቃል ከመናገራችሁ በፊት ምዕራፉን ፈልጋችሁ በዓይናችሁ እዩት።

ፊልሙንም ቢሆን የትኛውን ቅጂ እንዳያችሁ እወቁ። የ‹‹ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ›› ሦስተኛ ፊልም በ2003 እ.ኤ.አ. በሲኒማ ቤት ሲታይ የኤዮዊንና የፋራሚር ፍቅር ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር፤ በኋላ በወጣው ረዘም ያለ ቅጂ ውስጥ ግን ሁለቱ በሕሙማን ቤት ሲገናኙ የሚያሳይ አጭር ትዕይንት ተካቷል። አንዱ ተከራካሪ አጭሩን፣ ሌላው ረጅሙን ቅጂ አይቶ ሲጨቃጨቁ መዋላቸው የተለመደ ነው።

ቀጥሎ አንድ ጥንድ ብቻ ምረጡ። ‹‹ሁሉንም ገጸ ባሕርይ አነጻጽራለሁ›› ብሎ የተነሳ ሰው ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ ይደክመዋል። በደብተራችሁ ላይ ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት የተገናኙባቸውን ጊዜያት በሙሉ በአንድ ዓምድ ከመጽሐፉ፣ በሌላ ዓምድ ከፊልሙ መዝግቡ። ከዚያ በእያንዳንዱ ግንኙነት ፊት ሦስት ጥያቄዎችን መልሱ፦ በዚህ ሰዓት የሌላውን ስሜት የሚያውቀው ማን ነው? እርምጃውን የሚወስደው ማን ነው? ትዕይንቱ ሲያልቅ በሁለቱ መካከል ምን ተለውጧል? እኔ ከሦስቱ ይልቅ የመጀመሪያውን አስቀድማለሁ። በልብ ወለድ ውስጥ ፍቅር ከምንም በላይ የእውቀት ጉዳይ ነው፤ አንባቢው የሚያውቀውንና አፍቃሪው የማያውቀውን ነገር የሚለየው ክፍተት ነው ገጽ የሚያስገልጠን።

የሾርባውን ትዕይንት በዚህ መንገድ እንየው። መጽሐፉ የተጻፈው በአንደኛ መደብ፣ በአሁን ጊዜ ነው፤ አንባቢው ከካትኒስ ጭንቅላት ውስጥ ለአፍታም አይወጣም። ፓራሹቱ ሲወርድ ካትኒስ የጠበቀችው መድኃኒት ነው፤ ያገኘችው ሾርባ ነው። የሄይሚችን ሐሳብ ያለ ምንም ወረቀት ራሷ ትፈታዋለች፤ ለአንድ መሳም የሚከፈለው ዋጋ አንድ ማሰሮ ሾርባ መሆኑን ትረዳለች። ከዚያች ደቂቃ በኋላ በዋሻው ውስጥ የምትናገረው እያንዳንዱ የፍቅር ቃል ለተመልካች የሚቀርብ ትርኢት መሆኑን እናውቃለን፤ ግን ሁሉም ትርኢት እንዳልሆነም እንጠረጥራለን፣ እርሷም ትጠረጥራለች። ፒታ ይህን አያውቅም። የዚህ ፍቅር መራራነት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፊልሙ ይህን ሁሉ በምን ያሳየው? ካሜራ ከሰው ጭንቅላት ውጭ ነው የሚቆመው፤ ተዋናይቷ ምን ያህል ጎበዝ ብትሆን ‹‹አሁን እያስመሰልኩ ነው፣ ግን በከፊል›› የሚለውን በፊቷ ብቻ ልትነግረን አትችልም። ስለዚህ የፊልሙ ጽሑፍ በካትኒስ ጭንቅላት ውስጥ የነበረውን ስሌት አውጥቶ በወረቀት ላይ ጻፈው፤ ወረቀቱንም ለሄይሚች ሰጠው። አገልግሎቱ አልጠፋም፤ ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ። ነገር ግን ዋጋ አለው። በመጽሐፉ ውስጥ ሴራውን ደርሳ የምታገኘው ካትኒስ ስትሆን በፊልሙ ውስጥ ሴራውን የሚነግራት ሄይሚች ነው። በመሆኑም የፊልሟ ካትኒስ በጥቂቱ የዋህ፣ በጥቂቱም ታዛዥ ሆና ትታያለች። በእኔ ደብተር ላይ ‹‹የሚያውቀው ማን ነው›› በሚለው ዓምድ ሥር ለመጽሐፉ ‹‹ካትኒስ››፣ ለፊልሙ ‹‹ሄይሚች፣ ከዚያ ካትኒስ›› ተብሎ ተጽፏል። ከዚህች አንዲት መስመር የሚነሳው ውይይት ‹‹ወረቀቱ በመጽሐፉ ውስጥ የለም›› ከሚለው አስተያየት ምን ያህል እንደሚርቅ ልብ በሉ።

በነገራችን ላይ የመጽሐፉ ደራሲ ሱዛን ኮሊንስ የፊልሙን ጽሑፍ ካዘጋጁት ሰዎች አንዷ ናት። ስለዚህ ‹‹መጽሐፉን አልገባቸውም›› የሚለው የተለመደ ክስ እዚህ ላይ ብዙም አያስኬድም። እንዲህ ዓይነት ክስ ከመሰንዘራችሁ በፊት በፊልሙ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ የሚወጣውን የጸሐፊዎች ስም ማንበብ ከእፍረት ያድናል።

መጨረሻውንም በዚያው ዓይን ተመልከቱት። በመጽሐፉ ውስጥ ፒታ እግሩን ያጣል፤ ሕይወቱን ያተረፈውም እግሩን ያሳጣውም ካትኒስ ደም ለማቆም ያሰረችለት ማሰሪያ ነው። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ደግሞ የዋሻው ፍቅር ቢያንስ በከፊል ለውድድሩ የተደረገ መሆኑን ይረዳል፤ ይቀየማታልም። በፊልሙ ውስጥ ፒታ እግሩ አልተቆረጠም፤ በመመለሻው ጉዞ ላይ የሚያደርጉት ንግግርም እርሷ ‹‹ለመርሳት እንሞክራለን›› ስትል እርሱ መርሳት እንደማይፈልግ በሚናገርበት ለስላሳ ቅሬታ ያበቃል። ሁለቱም ለውጦች አንድ አቅጣጫ ይጠቁማሉ፤ ፊልሙ ለፍቅራቸው የተከፈለውን ዋጋ ቀንሶታል። ሁለተኛው ክፍል ሲጀምር በሁለቱ መካከል የሚታየው ቅዝቃዜ መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ከየት እንደመጣ ግራ ቢያጋባው አይገርመኝም። አንድ ለውጥ ብቻውን ሲታይ አጋጣሚ ይመስላል፤ ሁለትና ሦስት ለውጦች ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብሉ ግን የፊልሙን አቋም አግኝታችኋል ማለት ነው።

ከተራኪው ቀጥሎ የምትመረምሩት ቅደም ተከተሉን ነው። ‹‹ሊትል ዊመን›› በ1868 እና በ1869 እ.ኤ.አ. በሁለት ክፍል የታተመ ልብ ወለድ ነው፤ የአራቱን እኅትማማቾች ሕይወት ከልጅነት እስከ አዋቂነት በጊዜ ቅደም ተከተል ይተርካል። አንባቢው ከእኅትማማቾቹ አንዷን ጆንና ጎረቤታቸውን ሎሪን ለብዙ ምዕራፍ አብረው ሲያድጉ ካየ በኋላ ጆ የሎሪን የጋብቻ ጥያቄ እምቢ ትላለች፤ ሎሪና የጆ እኅት ኤሚ በአውሮፓ የሚቀራረቡት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ኤሚ ለብዙ አንባቢ የሌላ ሰው ቦታ ላይ የተቀመጠች ሆና ትቀራለች። በ2019 እ.ኤ.አ. ግሬታ ገርዊግ ያዘጋጀችው ፊልም ግን ጆ በኒውዮርክ፣ ኤሚ በፓሪስ ባሉበት ጊዜ ይጀምርና ወደ ልጅነታቸው እየተመላለሰ ይሄዳል። ተመልካቹ የጆን እምቢታ ከማየቱ በፊት ኤሚና ሎሪ ሲገናኙ፣ ሲነታረኩና ሲተያዩ ያያል። ክንውኖቹ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ናቸው፤ የተለወጠው መቼ እንደምናውቃቸው ብቻ ነው። ያም ሆኖ ኤሚ ሌላ ሰው ሆናለች። በደብተራችሁ ላይ ግንኙነቶቹን ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በተከሰቱበት ቅደም ተከተል፣ ሌላ ጊዜ በታዩበት ቅደም ተከተል ብትጽፏቸው ይህ ወዲያው ይገለጥላችኋል።

የተዋናይ መልክና ዕድሜ ብዙ የሚያጨቃጭቅ፣ ነገር ግን ብዙም የማያስተምር ርዕስ ነው። የፀጉርና የዓይን ቀለምን እለፉት፤ መልኩ የታሪኩን ትርጉም ሲነካ ብቻ ቁሙበት። እዚሁ ‹‹ሊትል ዊመን›› ውስጥ ጆ የምታገባው ፕሮፌሰር ቤር በመጽሐፉ ወደ አርባ ዓመት የተጠጋ፣ ወፈር ያለ፣ በውበቱ የማይጠቀስ ሰው ነው። ደራሲዋ ሉዊዛ ሜይ አልኮት አንባቢዎቿ ጆን ለሎሪ እንድትድርላቸው ሲወተውቷት እምቢ ብላ ነበር፤ የቤርም ደብዛዛነት የዚያ እምቢታ አካል ይመስለኛል። በ2019ኙ ፊልም ቤር ወጣትና መልከ መልካም ሆኖ ሲመጣ እምቢታው ይለዝባል። እንዲህ ያለው የመልክ ለውጥ ሊጻፍበት ይገባል።

ከመጽሐፉ የሌለ ትዕይንት ስታገኙ ለመቆጣት አትቸኩሉ። በ1813 እ.ኤ.አ. የታተመው ‹‹ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ›› በ1995 እ.ኤ.አ. በስድስት ክፍል ለቴሌቪዥን ሲዘጋጅ፣ ዳርሲ ሐይቅ ውስጥ ዋኝቶ ሸሚዙ እንደረጠበ ከኤልዛቤት ጋር ድንገት ይገናኛል። ትዕይንቱ ዝነኛ ቢሆንም በመጽሐፉ ውስጥ ፈጽሞ የለም። ይሁንና በመጽሐፉ ውስጥ በዚያው ቦታ ያለውን አንብቡት፤ ኤልዛቤት ዳርሲ የለም ብላ የርስቱን ግቢ ስትጎበኝ እርሱ ሳይታሰብ ብቅ ይላል፣ ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፣ ሁለቱም ፊታቸው ይቀላል። ደራሲዋ በሁለት ዓረፍተ ነገር የጻፈችው እፍረት በቴሌቪዥን እርጥብ ሸሚዝ ሆነ። ኩሩው ሰው ሳይዘጋጅ ተያዘ፤ አገልግሎቱ ያው ነው። በዚህ መመዘኛ አንዳንድ የፈጠራ ትዕይንት ከመጽሐፉ ቃል በቃል ከተቀዳ ትዕይንት ይልቅ ለመጽሐፉ ታማኝ ሆኖ ይገኛል።

በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው የዚሁ መጽሐፍ ፊልም ተቃራኒውን ያሳያል። በመጽሐፉ ዳርሲ ለመጀመሪያ ጊዜ የጋብቻ ጥያቄ የሚያቀርበው በቤት ውስጥ፣ ጨዋነት በሚጠበቅበት ክፍል ነው፤ በፊልሙ ግን ከቤት ውጭ፣ በዝናብ ውስጥ ነው። ቃላቱ ተቀራራቢ ቢሆኑም ስሜቱ ከታፈነ ቁጣ ወደ ገነፈለ ፍላጎት ተሸጋግሯል። የኤልዛቤት ትክክለኛ ለውጥ በመጽሐፉ የሚመጣው በማግሥቱ ዳርሲ የሰጣትን ደብዳቤ ደጋግማ ስታነብ፣ ምንም ድርጊት በሌለበት ምዕራፍ ውስጥ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ፊልም አንዲት ሴት ደብዳቤ ስታነብ ለሃያ ደቂቃ ሊያሳየን ስለማይችል፣ ለውጡን ወደ ጥያቄው ትዕይንት አስቀድሞ ማምጣቱ ይገባኛል፤ ብወደውም ባልወደውም። ስድስት ክፍል ያለውን ሥራና የአንድ ምሽት ፊልምን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥም ፍትሐዊ አይደለም።

የተሰረዘ ገጸ ባሕርይ ካለ የሥራውን ወራሽ ፈልጉ። በመጀመሪያው ‹‹ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ›› ፊልም የቆሰለውን ፍሮዶን ለማዳን የምትደርሰው አርዌን ናት፤ በመጽሐፉ ይህን የሚያደርገው በፊልሙ ውስጥ የሌለው ግሎርፊንዴል ነው። የአርዌንና የአራጎርን ፍቅር በመጽሐፉ በዋናነት የተተረከው ከታሪኩ መጨረሻ በኋላ ባለው ተቀጥላ ውስጥ ስለሆነ፣ ፊልሙ እርሷን ቀደም ብሎ ለማስተዋወቅ ሥራ ያስፈልጋት ነበር፤ የግሎርፊንዴልን ሰጣት።

አንድ ትዕይንት አልፈታ ሲላችሁ ድምፁን አጥፍታችሁ እንደገና እዩት። ማን ወደ ማን እንደሚጠጋ፣ ማን ቀድሞ ዓይኑን እንደሚሰብር፣ ካሜራው በማን ፊት ላይ እንደሚቆይ ከንግግሩ በተሻለ ይታያል፤ ፊልም የውስጥ ሐሳብን የሚተካባቸው ዋና መሣሪያዎችም እነዚህ ናቸው። ከዚያ የመጽሐፉን ተመሳሳይ ክፍል ውሰዱና ምልልሱን በጣታችሁ እየሸፈናችሁ የቀረውን አንብቡ። በጣታችሁ ያልተሸፈነውን ነው ፊልሙ በዓይንና በእጅ መተካት የነበረበት።

ያገኛችሁትን ስትጽፉ ከአንድ ትዕይንት ተነሱ፤ ‹‹ፊልሙ መጽሐፉን አበላሽቶታል›› ከሚል ፍርድ አትነሱ። ‹‹አልወደድኩትም›› እና ‹‹ታሪኩን ያፋልሳል›› የሚሉትን ለያይታችሁ ጻፉ፤ የመጀመሪያው የእናንተ ጉዳይ ስለሆነ ማስረጃ አይጠየቅበትም፣ ሁለተኛው ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ከመጽሐፉ ስትጠቅሱ የገጽ ቁጥር ከሕትመት ሕትመት፣ ከትርጉም ትርጉም ስለሚለያይ ምዕራፉን አስቀድሙ፤ ከፊልሙ ስትጠቅሱ ደግሞ ደቂቃውን ከቅጂው ዓይነት ጋር ጻፉ። የመጨረሻውን ምዕራፍ የሚነካ ነገር ካለም ገና ላላነበበው ሰው ከላይ አስጠንቅቁት።