በቴሌግራም የተዋወቁ ጓደኞች ጅማ ላይ ሲገናኙ፦ ኪስ የማይጎዳ ሆቴል አመራረጥ

ሆቴል ከመፈለግ በፊት ቀኑ ይቆረጥ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ ሰሞን የተመራቂ ቤተሰብ ከየአገሩ ስለሚጎርፍ አልጋ ይጠፋል፣ የተገኘውም ዋጋው ይንራል፤ ስለዚህ የዓመቱን የምረቃ ቀን ሳያጣሩ ቀጠሮ አይያዙ። ክረምቱ ደግሞ ለዋጋ ድርድር የሚመች ቢሆንም የጅማ ዝናብ ቀላል አይደለም፤ በዚያ ወቅት የሚሰበሰብ ቡድን ጣሪያ ያለው መቀመጫ ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው በውስጥ መስመር ያነጋግሩ። በአንድ ሌሊት ቢበዛ ስንት መክፈል እንደሚችል፣ ክፍል ለመጋራት ፈቃደኛ መሆኑን፣ ከምግብ የሚጠነቀቀው ነገር እንዳለ ይጠይቁ። ይህን በቡድኑ ፊት መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ይሉኝታ ስለሚይዘው አቅሙ ያነሰ ሰው ከሌሎቹ ጋር ይስማማና በመጨረሻው ሳምንት «አልተመቸኝም» ብሎ ይቀራል። የቴሌግራም ድምፅ መስጫ ለቀን መምረጫ ጥሩ ነው፣ ለገንዘብ ግን አይሆንም። በአካል ተያይተው የማያውቁ ሰዎችን አንድ ክፍል ማስገባትም ያለ ፈቃዳቸው ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ለብቻዬ ልደር ያለ ሰው ምክንያት አይጠየቅም።

ስለ ሰፈር ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ባጃጅ በየአቅጣጫው ስላለ ከ7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለመጎብኘት ሲባል ዳር መውጣት አይገባም። አብዛኛው ሰው በአውቶቡስ የሚመጣ ከሆነ ለመናኸሪያው የቀረበ ይሻላል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱት አውቶቡሶች የሚነሡት ማለዳ ስለሆነ ንጋት ላይ ትራንስፖርት ፍለጋ መንከራተትን ያስቀራል። ብቻ ከሥሩ የምሽት ክበብ የሌለው መሆኑን ያረጋግጡ።

ዋናው ፈተና ዋጋው ነው። «አልጋ ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆ በተነገረው ቁጥር ሆቴሎችን ማወዳደር ያሳስታል፤ አንዱ የሚናገረው ታክስና ሰርቪስ ቻርጅ የተካተተበትን፣ ሌላው ያልተካተተበትን ዋጋ ሊሆን ይችላልና። ለምሳሌ 1,000 ብር በተባለ ክፍል ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ተደምሮ 1,100 ይሆናል፤ በዚህ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከል 1,265 ብር ይደርሳል። 16 ሰዎች በ8 ክፍሎች ሁለት ሌሊት ቢያድሩ ልዩነቱ 4,240 ብር ነው፤ ይህን ገንዘብ ደግሞ የመጨረሻው ሒሳብ ሲመጣ አዘጋጁ ከኪሱ እንዲያወጣ ይገደዳል።

ቀጥሎ የተነገረው ዋጋ ለክፍሉ ነው ወይስ ለሰው የሚለውን ይለዩ። ሁለት ሰው ሲያድር የሚጨምሩ ሆቴሎች አሉ፤ ሁለት ወንዶችን ወይም ሁለት ሴቶችን ባለ አንድ አልጋ ክፍል ውስጥ የማያስገቡም አሉ። ስለዚህ ባለ ሁለት አልጋ ክፍሎች ስንት እንደሆኑ በቁጥር ይጠይቁ፤ በርካታ ሆቴሎች ያሏቸው ጥቂት ስለሆኑ ለቡድን የሚወስነው ይህ ነው። ከውጭ አገር የሚመጣ ጓደኛ ካለም ለእርሱ የተለየ ዋጋ ይጠየቅ እንደሆነ አስቀድመው ይወቁ። ቁርስ ተካቷል ሲባል የሚቀርብበትን ሰዓት ይጠይቁ፤ ማለዳ ለሚሳፈር ሰው ያልደረሰ ቁርስ ቅናሽ ሊሆን አይችልም፣ ወይ ይቋጠርለት ወይ ከዋጋው ይቀነስለት።

ይህን ሁሉ ካወቁ በኋላ ነው ክርክሩ የሚጀመረው። ቅናሹን ከእንግዳ ተቀባይ ሳይሆን ከሥራ አስኪያጁ ወይም ከባለቤቱ ይጠይቁ። ዋጋው አልወርድ ካለ የመሰብሰቢያ ክፍሉን በነጻ ወይም ምሳውን በቅናሽ እንዲሰጡ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ይቀላል። የተስማሙበትን በማኅተም የተረጋገጠ ፕሮፎርማ አድርገው ይቀበሉ።

በኢንተርኔት የሚታዩ ፎቶዎች ሆቴሉ ሲመረቅ የተነሡ ሊሆኑ ስለሚችሉ እኔ አላምናቸውም። ከቡድኑ አንድ ጅማ የሚኖር ሰው ካለ ሄዶ ይይ፤ ውኃ ሲቋረጥ ታንከር፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር መኖሩን፣ የሙቅ ውኃው መሥራቱን፣ አጎበር ወይም የመስኮት ወንፊት መኖሩን ይመልከት። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ለአየር ማቀዝቀዣ ተጨማሪ መክፈል ብክነት ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን የተቀላቀለበት ቡድን ከሆነ የሁለቱም ሥጋ ለየብቻ የሚዘጋጅ መሆኑ፣ ለጿሚዎችም የጾም ምግብ መኖሩ ይጣራ፤ ካልሆነ ማደሪያውን ከመመገቢያው መለየት ይሻላል።

ቅድሚያ ክፍያ በሆቴሉ ስም በተከፈተ ሒሳብ ብቻ ይግባ፣ ደረሰኙም በቡድኑ ውስጥ ይለጠፍ። በቃል የተያዘ አልጋ የበለጠ ከፋይ ሲመጣ እንደሚሸጥ አይቻለሁና ያለ ደረሰኝ «ይዘንልዎታል» የሚለውን አይቁጠሩት። የቀረ ሰው ገንዘብ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለውም ሳይከፈል በፊት በጽሑፍ ይቀመጥ።

ሁሉም መታወቂያ ይዞ እንዲመጣ ያስታውሱ። በዕለቱ ቁልፍ ከመከፋፈሉ በፊት ክፍሎቹን ዞረው ቧንቧውን ይክፈቱ፣ መብራቱን ያብሩ፣ የበሩ ቁልፍ ከውስጥ መቆለፉን ይሞክሩ፤ ጉድለት ያለበት ክፍል እንዲቀየር የሚጠየቀው ሻንጣ ሳይገባ ነው።