ሄሊኮፕተሯ ስትወራጭ፦ በትንንሽ የኤሌክትሪክ ሄሊኮፕተሮች ላይ የሬዲዮ ረብሻን እንዴት እንደምናገኝና እንደምናስወግድ

ደብረ ማርቆስ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ የእህቴ ልጅ ትንሿን ሄሊኮፕተሩን ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ሲያደርጋት ጅራቷ ይወራጭና በጎኗ ትወድቅ ነበር። እኔ ሳልመረምር ፈረድሁ፤ ጥፋቱ ከቤታችን ጀርባ ኮረብታው ላይ የቆመው የስልክ ማማ ነው አልሁ። ጎረቤታችን እማማ ደግሞ “ዓይን በልቷት ነው” አሉ። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር። ረብሻው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከራሷ ከሄሊኮፕተሯ ሆድ ነው። ስለዚህ ፍተሻውን ከውስጥ ጀምሩ፤ ማማውን ለመጨረሻ አቆዩት።

በመጀመሪያ መቆጣጠሪያው በምን እንደሚያዝዛት እወቁ። መዳፍ ከሚያክሉት ርካሽ ሄሊኮፕተሮች ብዙዎቹ ጭራሽ ሬዲዮ የላቸውም፤ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በኢንፍራሬድ፣ ማለትም በማይታይ ብርሃን ነው የሚታዘዙት። የመቆጣጠሪያውን አፍንጫ ወደ ስልካችሁ ካሜራ አዙሩና ማንሻውን ግፉ። በስክሪኑ ላይ ሐምራዊ ነጥብ ብልጭ ካለ ኢንፍራሬድ ነው። የኋላው ካሜራ ካላሳያችሁ የፊቱን ሞክሩ። እንዲህ ያለችዋ በጥር ፀሐይ ሜዳ ላይ ብትወጣ ትታወራለች፤ መድኃኒቷ ጥላ ወይም ቤት ውስጥ ማብረር ነው።

ሬዲዮ ከሆነ፣ የቆዩት በ27፣ በ35 ወይም በ72 ሜጋኸርዝ፣ አዳዲሶቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ። የቆዩትን ከሆዳቸው በሚንጠለጠለው ረጅም ሽቦ ታውቋቸዋላችሁ።

ቀጥሎ ባትሪውን እዩ። የሊቲየም ባትሪ አንዱ ሴል ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ያሳያል፤ ሥራ ላይ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል። ሞተሩ በድንገት ብዙ ኃይል ሲስብ የደከመ ባትሪ ቮልቴጅ ያሽቆለቁላል፤ ተቀባዩም፣ ማለትም ሄሊኮፕተሯ ውስጥ ሆኖ የመቆጣጠሪያውን ትእዛዝ የሚቀበለው ክፍል፣ ለቅጽበት ጠፍቶ መልሶ ይነሣል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ ከሞገድ ረብሻ አይለይም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ሄሊኮፕተሯ ለመነሣት ከቆላ ይልቅ የበለጠ ኃይል ትጠይቃለች፤ የባትሪው ድካምም እዚህ ቶሎ ይጋለጣል። በሌላ ጤናማ ባትሪ ሞክሩ። ችግሩ ከጠፋ ሥራችሁ እዚህ አለቀ። ያበጠ ባትሪ ካገኛችሁ ግን አትሞክሩት፣ አትውጉትም፤ አውጡት።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና እንምጣ። የላይኛውንም የጅራቱንም ክንፎች ፍቱ፤ ያለ ክንፍ የማትበር ሄሊኮፕተር ጣት አትቆርጥም። አንድ ሰው አጥብቆ ይያዛት። እናንተ መቆጣጠሪያውን ይዛችሁ፣ ኃይል የሚቀንስ የርቀት መፈተኛ ካለው እሱን አብርታችሁ፣ 30 እርምጃ ያህል ራቁ። መጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሣ ማንሻዎቹን አንቀሳቅሱ፤ ቀጥሎ ሞተሩን አስነሥታችሁ ያንኑ ድገሙ። ያለ ሞተር ጸጥ ብላ፣ ሞተሩ ሲነሣ ከተንቀጠቀጠች ሌባው ሞተሩ ነው። ሁለቱም ጊዜ ከተንቀጠቀጠች አንቴናውን ጠርጥሩ። ቆማም በቅርብም ሳለች አንዷ ሰርቮ (የክንፎቹን አቅጣጫ የምታዞር ትንሽ ሞተር) ብቻ ብትርበተበት ደግሞ ረብሻ ሳይሆን ያረጀች ሰርቮ ልትሆን ትችላለች፤ ከሌላዋ ጋር ቦታ አለዋውጣችሁ እዩ።

ሞተሩ ሁለት ሽቦ ካለው ካርቦን ያለው ዓይነት ነው፤ ሞተሩ በተሽከረከረ ቁጥር ካርቦኑ የሚነካበት ቦታ ጥቃቅን ብልጭታ ይረጫል፣ እያንዳንዱ ብልጭታም ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ይህን የሚያፍነው 104 የሚል የተጻፈበት ትንሽ የሴራሚክ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለቅጽበት የሚያጠራቅም ክፍል) ነው፤ 0.1 ማይክሮፋራድ ማለት ነው። አንዱን በሁለቱ የሞተር ጫፎች መካከል፣ ሁለቱን ደግሞ ከየጫፉ ወደ ሞተሩ ብረት ቆርቆሮ በይዱ። እግሮቻቸው በተቻለ መጠን ይጠሩ። ሦስት ሽቦ ባለው ሞተር ላይ ግን ካፓሲተር ፈጽሞ አትበይዱ፤ ሄሊኮፕተሯ ውስጥ ያለውን የሞተሩን ፍጥነት መቆጣጠሪያ ታቃጥሉታላችሁ። በሁለቱም ዓይነት የሞተሩን ሽቦዎች እንደ ሹሩባ እርስ በርስ ጠምዝዟቸው፤ ተቀባዩንም ከእነሱ የቻላችሁትን ያህል አርቁት።

የ2.4 ጊጋኸርዝ አንቴና የሚሠራው ጫፉ ላይ ባለችው ራቁት ሽቦ ሲሆን ርዝመቷ 31 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አትቁረጧት፣ አታስረዝሟት፣ ከካርቦን ፋይበር አካልም ጀርባ አትደብቋት፤ ካርቦን ፋይበር ሞገዱን ይጋርዳል። ረጅሙን የቆየ አንቴና ደግሞ አትጠቅልሉት። የመቆጣጠሪያችሁንም አንቴና ጫፉን ወደ ሄሊኮፕተሯ እንደ ጦር አታነጣጥሩ፤ ሞገዱ በጫፉ በኩል እጅግ ደካማ ነው።

የጅራት ሮተሯ በቺንጋ የሚዞር ከሆነ በበጋ ሌላ ጣጣ አለ። ማታ ሹራብ ስታወልቁ የሚንጣጣውን ታውቁታላችሁ። ቺንጋውም በደረቅ አየር ሲሽከረከር ያንኑ ኤሌክትሪክ ያጠራቅምና በየመካከሉ ይረጨዋል። የጅራቱን ቱቦ ከሞተሩ አካል ጋር በቀጭን ሽቦ አገናኙት፤ ቱቦው ቀለም የተቀባ ከሆነ የሚነካውን ቦታ ፋቁት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ረብሻው ካልለቀቀ ነው ወደ ውጭ የምናየው። በአቅራቢያ ያለውን ዋይፋይና የስልክ ሆትስፖት አጥፉ፤ በ27 ሜጋኸርዝ ከሆነ በሰፈሩ ሌላ አሻንጉሊት በዚያው ሞገድ እንዳይነዳ ጠይቁ። ቦታ ለውጣችሁ ለመሞከር ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ በዚህ ጊዜ የሚበር ነገር ያየ ሰው ሁሉ አሻንጉሊት ነው ብሎ አያልፍም።

የእህቴ ልጅ ሄሊኮፕተር ችግር የተገኘው በክንፍ አልባው ፈተና ነው። በአንዱ ውድቀት የካፓሲተሩ እግር ተሰብሮ ከሞተሩ ላይ እንደ ጥርስ ይወዛወዝ ነበር። ገበያ አጠገብ ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ ከአንድ አሮጌ ሬዲዮ ባለ 104 ካፓሲተር ነቅሎ በየደላት። ገንዘብ አልቀበልም ብሎ አንድ ጊዜ ላብርራት አለ፤ አበረራትና ጌሾው ውስጥ ሰካት።