«ኢርፎኑ ተበላሽቷል» ከማለታችሁ በፊት ጎማውን ቀይሩት

ኢርፎን ስትገዙ ከካርቶኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ትወጣለች። ውስጧ ብዙ ጊዜ ሁለት ጥንድ ጎማ አለ፤ አንዱ ጥንድ ትንሽ፣ ሌላው ትልቅ። መካከለኛው ኢርፎኑ ላይ ተሰክቶ ነው የሚመጣው። ያቺ ከረጢት አሁን የት ናት?

መልሱን አውቀዋለሁ። አዳማ ውስጥ የሞባይል ዕቃ እሸጣለሁ። ይህን ጥያቄ ስጠይቅ «ውይ፣ ከካርቶኑ ጋር ጣልኳት» የማይለኝ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ያው ሰውዬ በሳምንቱ ተመልሶ «ፎርጅድ ነው የሸጥክልኝ» ይለኛል። ፎርጅድ ገበያው ላይ ሞልቷል፣ አልክድም። ግን ተመልሶ ከሚመጣልኝ ኢርፎን ብዙው ምንም አልሆነም። ጎማውና ጆሮው ስላልተስማሙ ነው።

ችግሮቹን ደንበኞቼ በሚጠሯቸው ስም አስቀምጫቸዋለሁ። የእናንተን ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ። ጎማ የሌላቸው፣ ደረቅ ፕላስቲክ የሆኑት ኢርፖዶች ግን እዚህ የሉበትም። እነሱን ጆሯችሁ ከወደዳቸው ወደዳቸው፣ ካልወደዳቸው የሚቀየር ነገር የለም።

«ቤዝ የለውም፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል»

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይህን ነው። መጀመሪያ እንዲህ ሞክሩ። ቤዙን በደንብ የምታውቁትን ዘፈን ክፈቱ። ሁለቱንም ማዳመጫ በጣታችሁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ጫን አድርጓቸው። ቤዙ ድንገት ከመጣ ኢርፎኑ ጤነኛ ነው። ጣታችሁን ስታነሱ ተመልሶ ከጠፋ ደግሞ ምርመራው አለቀ፤ አየር እያመለጠ ነው።

ወፍራሙ ድምፅ በደንብ የሚሰማን በጎማውና በጆሮ ታምቡር መካከል ያለችው ትንሽ አየር ታፍና ስትገፋ ነው። ጎማው ዙሪያውን ካልገጠመ አየሩ በክፍተቱ ሾልኮ ይወጣል፣ ቤዙም አብሮት ይሄዳል። ቀጭኑ ድምፅ ግን ክፍተት ኖረም አልኖረም ይደርሳል። መዝሙር የምትሰሙ ከሆነ ጽናጽሉ እየተሰማ ከበሮው ይጠፋል ማለት ነው።

እንግዲህ ሁሉም ሰው «ትልቁን ስጠኝ» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ከሱቄ አጠገብ ልብስ የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ አሉ። ትልቁን ጎማ ራሳቸው ቀይረው ኢርፎኑን ይዘውልኝ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገርህ የስፌት መኪናዬን ድምፅ እንኳ አይችለውም።»

«ጋሼ፣ እስቲ እንዳደረጉት ይቁዩልኝ፣ ቀኙን ልየው።»

የስልኬን መብራት አብርቼ አየሁት። ጎማው በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ተጣጥፏል፤ የአዳማ ነፋስ እንደገለበጠው ጃንጥላ። በእጥፋቱ በኩል ቀጭን ክፍተት ቀርቷል። ትልቁ ጎማ ለቀኝ ጆሯቸው በዝቶ ነበር። መካከለኛውን አደረግሁላቸው። ግራው ግን ትልቁን ወደደው፣ እዚያው ተውነው። በሁለት ዓይነት ጎማ ወጡ። ቅር ያላቸው መሰለኝ፤ ቀኝና ግራው የተለያየ ጫማ ያጫማኋቸው ያህል። ኋላ መኪናቸውን እየረገጡ በመስኮት አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ።

የአንድ ሰው ሁለት ጆሮ እኩል ነው ያለ ማን ነው? ግራና ቀኙን ለየብቻ ሞክሩ። ትንሹ ከሰፋ መካከለኛ፣ መካከለኛው ከሰፋ ትልቅ፣ ትልቁ ከታጠፈ ደግሞ ወደ ታች ተመለሱ።

አገባቡም የራሱ ዘዴ አለው። የጆሮ ቀዳዳ ቀጥ ያለ ቱቦ አይደለም። አዋቂ ሰው ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፣ መሐል ላይም ይታጠፋል። ቀኙን ስታስገቡ ግራ እጃችሁን በጭንቅላታችሁ ላይ አሳልፉና የቀኝ ጆሯችሁን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉት። ያኔ እጥፋቱ ይቃናል። ማዳመጫውን ወደ አፍንጫችሁ አቅጣጫ አስገቡ፣ ትንሽ አዙሩት፣ ከዚያ ጆሯችሁን ልቀቁ። ደንበኞቼ ሱቅ ውስጥ ሲያደርጉት ሰው ይስቃል። ቤዙ ሲመጣ ደግሞ የሚስቁት እነሱ ናቸው።

ኖይዝ ካንሰሌሽን (የውጪውን ድምፅ የሚያጠፋ ዘዴ) ያለው ገዝታችሁ «ምንም አያፍንም» ያላችሁም መልሳችሁ ይኸው ነው። ክፍተት ካለ የውጪው ድምፅ ዝም ብሎ ይገባል። ኤርፖድስ ፕሮ ያላችሁ የጎማውን ልክ የሚፈትሽላችሁ ሙከራ አይፎናችሁ ሴቲንግ ውስጥ አለ። ሁለቱንም ጆሮ ለየብቻ ይነግራችኋል።

ይህን ያህል የማወራው ለቤዝ ብቻ ብዬ አይደለም። ክፍተት ያለው ሰው የባጃጁን ጩኸት ለመብለጥ ድምፁን እስከ ጫፍ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጣሪያ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው። 90 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ ያው 40 ሰዓት ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። በሳምንት ማለት ነው፣ በቀን አይደለም። የገጠመ ጎማ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ እንድትሰሙ ያደርጋል። በሌላ በኩል መንገድ ስታቋርጡ አንዱን አውልቁ፤ በደንብ የገጠመ ጎማ የባጃጁንም ክላክስ ያፍናል።

«ሳወራ ይወድቃል»

አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ የጆሮ ቀዳዳ ቅርጽ ይለወጣል። ጣታችሁን ጆሯችሁ ውስጥ አድርጋችሁ አላምጡ፤ ይሰማችኋል። ዝም ብላችሁ ስትቀመጡ የገጠመው ጎማ ስታወሩ ትንሽ በትንሽ ወደ ውጪ ይገፋል።

ከመቀየራችሁ በፊት ግራና ቀኙን እዩ። እየሳቅኩ አይደለም። ማዳመጫው ላይ ኤል ያለበት የግራ፣ አር ያለበት የቀኝ ነው። ጎማው የሚሰካበት ቱቦ ወደ ፊት እንዲያዘነብል ተደርጎ ስለሚሠራ ካቀያየራችሁት በፍጹም አይቀመጥም። በዚህ ምክንያት ብቻ ስንቱ ሰው ገንዘቤን መልስ ብሎኛል።

ከዚያ ላብ አለ። እኛ ከተማ በሚያዝያ ሙቀት ሲሊኮን ጎማ ቅቤ እንደተቀባ ይንሸራተታል። ጆሯችሁንም ጎማውንም በሶፍት አድርቁና መልሱት። አሁንም ካልያዘ ስፖንጅ ጎማ ሞክሩ። ስፖርት ለምትሠሩ ደግሞ ከጆሮው ጎድጓዳ ጋር የሚያያዝ ክንፍ ያለው ኢርፎን ይሻላችኋል።

«ያመኛል»

የት ነው የሚያምህ? ሁሌ የምጠይቀው ይህን ነው። ቀዳዳው ውስጥ ከሆነ ጎማው በዝቷል፣ አንድ ቁጥር ውረዱ። ከቀዳዳው ውጪ፣ ጎድጓዳው ላይ ከሆነ ግን ጎማ ብትቀይሩ ዋጋ የለውም፤ የፕላስቲኩ አካል ነው ለጆሯችሁ የበዛው። እንዲህ ያለውን ከመግዛታችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ አድርጋችሁት ቆዩ። ሻጩ ከተቆጣ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ማሳከክ ከሆነ ጎማው እርጥብ ሆኖ እየገባ ይሆናል። እጠቡት፣ አድርቁት፣ ጆሯችሁንም ለጥቂት ቀን አሳርፉት። ፈሳሽ ካለው ወይም ካበጠ ግን ነገሩ የጎማ መሆኑ ቀርቷል፣ ወደ ሐኪም ነው።

«አንዱ ሞተ»

ማዳመጫዎቹን አቀያይሯቸው፤ የግራውን በቀኝ ጆሮ፣ የቀኙን በግራ። አይመቹም፣ ለሙከራ ነው። ዝምታው ማዳመጫውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የዕቃው ነው። እዚያው ጆሮ ላይ ከቀረ ግን ምናልባት የጆሯችሁ ኩክ ነው፤ እሱን የሚያወጣው ሐኪም ነው፣ ክብሪት እንጨት አይደለም።

የዕቃው ከሆነ መጀመሪያ ስልኩን እዩ። ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለው ላይ የግራና የቀኝ ድምፅ ማመጣጠኛ አለ፤ ልጆች ሲነካኩት ወደ አንድ ጥግ ሄዶ አገኘዋለሁ። ደህና ከሆነ ጎማውን አውልቁና የቱቦውን አፍ ብርሃን ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ቀጭን ወንፊት አለች። ቢጫ ወይም ቡናማ ነገር ከደፈናት ኩክ ነው። አፉን ወደ መሬት ደፍታችሁ በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ወደ መሬት መደፋቱን አደራ፤ ወደ ላይ ካደረጋችሁት ቆሻሻው ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። መርፌ አትንኩ። በመርፌ «የጸዳ» ኢርፎን ወንፊቱ ተበስቶ ነው እኔ ጋ የሚመጣው። ወንፊቱ ላይ ውሃም አልኮልም አታፍስሱ። ሲሊኮኑን ለብቻው ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ሳይደርቅ አትመልሱት። ስፖንጁን ግን አትንከሩ፣ በረጠበ ጨርቅ ወልወል ይበቃዋል።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የብሉቱዙ ቀኝ ጠዋት ጠዋት ሞቶ ይጠብቃታል። ሦስቴ ተመላለሰች። በሦስተኛው ማዳመጫዎቹ ቻርጅ የሚያደርጉበትን ኬዝ ከእጇ ተቀብዬ ስዘጋው ክዳኑ አልገባ አለኝ። ትልልቅ ጎማ ገዝታ አድርጋለች። ጎማው ከኬዙ ስር እየገፋው ማዳመጫው ከቻርጅ ማድረጊያዎቹ ነጥቦች በጥቂቱ ተነስቷል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አያደርግም። ቁመቱ አጠር ያለ ጎማ ቀየርኩላት፣ አለቀ። እናንተም ጎማ ስትቀይሩ ኬዙን ዝጉትና ሁለቱም ቻርጅ ማድረጋቸውን እዩ።

«ይንኳኳል፣ ይጮሃል»

ስታስገቡት ቀጭ የሚል ከሆነ ውስጡ ያለችው ስስ ድምፅ ማውጫ በታፈነው አየር ተገፍታ ነው። ቀስ ብላችሁ፣ ጆሯችሁን ሳብ አድርጋችሁ አስገቡት።

የራሳችሁ ድምፅ በርሜል ውስጥ እንዳላችሁ ከሆነባችሁ፣ ወይም ስትራመዱ እርምጃችሁ ዱብ ዱብ ካለ፣ እሱም ብልሽት አይደለም። ድምፃችሁ በአጥንት አልፎ ወደ ጆሮ ቀዳዳ ይመጣል። በሩ ስለተዘጋ መውጫ ያጣል። ኢርፎን አድርጋችሁ ቆሎ ከበላችሁ ምን እንደምል ይገባችኋል። ካልቆረቆራችሁ ትንሽ ጠለቅ ማድረግ ይቀንሰዋል። ስልክ ስታወሩ ደግሞ አንዱን አውልቁት።

ገመድ ያለው ልብስ ሲነካ የሚንኳኳ ከሆነ ገመዱን እንደ መነጽር እጀታ በጆሯችሁ ላይ አዙሩት።

ስልክ ስታወሩ የሚገባው የነፋስ ጩኸት ግን የጎማ ጉዳይ አይደለም። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ኮረብታው ላይ የምታዩዋቸው የነፋስ ተርባይኖች ዝም ብለው አልተተከሉም። ማይክራፎኑ ከውጪ ስለሆነ ምን ዓይነት ጎማ ብታደርጉ ያዳናችሁ የለም። ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡና አውሩ።

ጎማ ለብቻው ስትገዙ

ማዳመጫውን ይዛችሁ ሂዱ። «የኢርፎን ጎማ ስጠኝ» ማለት «ቁልፍ ስጠኝ» እንደማለት ነው፤ የየትኛው በር? የቱቦው ውፍረት ከዕቃ ዕቃ ይለያል። አንዳንዱም ክብ ሳይሆን ሞላላ ነው።

ሲሊኮን ይታጠባል፣ ይቆያል፣ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ስፖንጁ በጣት ተጨምቆ ይገባና ሰላሳ ሰከንድ ያህል በጣት ተይዞ ሲቆይ ጆሮውን ይሞላል። ለአውቶብስ መንገድ ከሱ የሚሻል አላየሁም። ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ያለዝበዋል፣ በጥቂት ወራትም ያልቃል። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ደረጃው፣ ተደራርቦ የተሠራው ጎማ፣ ጠልቆ ይገባል። ለኔ አይመቸኝም፣ የሚምሉበት ሰዎች ግን አሉ።

አንዲት እናት ልጃቸው ሌላ ቦታ ገዝቶ ያደረገላቸው ጎማ ማዳመጫውን ሲያወልቁ ጆሯቸው ውስጥ ቀረ። ቤት ውስጥ በጸጉር መንቀያ ሊያወጡት ሞከሩና ጭራሽ ወደ ውስጥ ገፉት። የጆሮ ሐኪም አወጣላቸው። ኋላ ጎማውን በሶፍት ጠቅልለው አምጥተው ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጡት። ቀዳዳውን ቱቦው ላይ ስሰካው ላላ ብሎ ይሽከረከራል፤ ለወፍራም ቱቦ የተሠራ ነው። እናንተ አዲስ ጎማ ስትሰኩ ጎማውን ብቻ ይዛችሁ ማዳመጫውን አንጠልጥሉና ነቅነቅ አድርጉት። ከወደቀ፣ ጆሯችሁ ውስጥ አታስገቡት።