የእስያ ታካሚ ሳንባ ላይ ኖዱል ሲገኝ የሚሠሩ ስህተቶች

ኖዱል በሲቲ ስካን ላይ የምትታይ፣ ከ3 ሳንቲ ሜትር የማትበልጥ ነጥብ ናት። አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ጣጣው የትኛዋ ካንሰር እንደሆነች መለየቱ ላይ ነው። ታካሚው ከታይዋን፣ ከቻይና ወይም ከፊሊፒንስ ከሆነ ደግሞ አውሮፓና አሜሪካ ላይ የተለመደው የካንሰር ዕድል ስሌት ያሳስታል።

«አላጨስም» ሲባል ፋይሉን መዝጋት። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። በምሥራቅ እስያ በሳንባ ካንሰር ከሚያዙ ሴቶች አብዛኞቹ ሲጋራ አፋቸው ገብቶ አያውቅም። በታይዋን ታለንት የተባለው ጥናት በአብዛኛው አጭሰው የማያውቁ፣ ግን ሌላ ተጋላጭነት ያለባቸውን ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች በሲቲ ስካን መረመረ። 2.6 በመቶው ላይ ካንሰር ተገኘ። አገሪቱም በ2022 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የጀመረችው ብሔራዊ ምርመራ በቤተሰባቸው የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን፣ ባያጨሱም፣ ያካትታል። ስለዚህ «እናትዎ ወይም እህትዎ ታመው ያውቃሉ? ቤት ውስጥ ምን ያነዳሉ?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው። በቻይና ዩናን ግዛት፣ ሹዋንዌይ የሚባል አካባቢ፣ ጭሳም ድንጋይ ከሰል ቤት ውስጥ የሚያነዱ ሴቶች በዚህ ካንሰር በብዛት ይያዙ ነበር። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሲገባ አደጋው ቀነሰ።

የካንሰር ዕድልን የሚያሰላውን ቀመር እንደ ፍርድ ማየት። የ1997ቱ (እ.ኤ.አ.) የማዮ ቀመር ከአሜሪካ፣ የ2013ቱ (እ.ኤ.አ.) የብሮክ ቀመር ከካናዳ ታካሚዎች መረጃ የወጡ ናቸው። ብሮክ ስለ ሲጋራ ጭራሽ አይጠይቅም፤ የተጠኑት ሁሉ የሚያጨሱ ወይም ያጨሱ የነበሩ ናቸውና። ሁለቱም ኖዱሏ በላይኛው የሳንባ ክፍል ከሆነች፣ ጠርዟም እሾሃማ ከሆነ፣ የካንሰር ዕድሉን ከፍ ያደርጋሉ። ቲቢስ? እሱም የሚወደው ላይኛውን ክፍል ነው፤ ጠባሳውም እሾህ ያወጣል። ቲቢ ይዞዎት ያውቃል ወይ የሚል ጥያቄ ግን በሁለቱም ቀመሮች የለም። ይህ እኛንም ይነካል። ኢትዮጵያ ውስጥ ቲቢ ታሞ ዛሬ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የሚታከም ሰው፣ ሐኪሙ ባይጠይቀውም ራሱ ቢናገር ይሻላል።

ፔት ስካን (ስኳር በብዛት የሚጠቀመውን የሰውነት ክፍል አብርቶ የሚያሳይ ምርመራ) ስለበራ ካንሰር ነው ማለት። ቲቢም ያበራል። በተቃራኒው ቀስ ብሎ የሚያድግ አዴኖካርሲኖማ (አንዱ የሳንባ ካንሰር ዓይነት) ላይበራ ይችላል። ቲቢ በበዛበት አገር በፔት ብቻ ተማምኖ ደረት መክፈት አያስኬድም።

በጭጋጋማ ኖዱል ላይ መቸኮል፣ ወይም ቶሎ መርሳት። ግራውንድ ግላስ የሚባሉት እነዚህ ኖዱሎች በምሥራቅ እስያ በብዛት ይታያሉ። ካንሰር ቢሆኑም ዓመታት ይወስድባቸዋል። ለጠጣር ኖዱል የለመድነው የ2 ዓመት ክትትል አይበቃቸውም፤ የደረት ምስል ባለሙያዎች ማኅበር የሆነው የፍላይሽነር የ2017ቱ (እ.ኤ.አ.) መመሪያ 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆኑት እስከ 5 ዓመት ይላል። ያ ማለት ግን ሁሉም ይቆረጥ ማለት አይደለም። በታይዋን ሴቶች ላይ ሲቲ ስካን ሲበዛ ገና ጅምር ላይ ያለ ካንሰር ከ6 እጥፍ በላይ ጨመረ፤ የገፋው ግን አልቀነሰም። ከተቆረጡት ውስጥ በሕይወት ዘመናቸው ጉዳት የማያደርሱ ነበሩበት ማለት ነው።

«እስያዊ» ብሎ ሁሉን መጠቅለል። የቶኪዮና የማኒላ ታካሚ የቲቢ ዕድላቸው ለየቅል ነው። የትውልድ አገር፣ ያደጉበት ቤት፣ የሠሩት ሥራ ይጠየቅ።

የድሮ ፊልም ሳይፈልጉ በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ማዘዝ። ጠጣሯ ኖዱል ከ2 ዓመት በፊት በተነሳ ሲቲ ላይ በዚያው መጠን ካለች፣ መርፌው ላያስፈልግ ይችላል። ፊልሙ ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ላይ ነው ያለው። አምጡልኝ ማለት ብቻ ነው።