የማዝዳ ኤምኤክስ-5 ሞተር እንግዳ ድምፅ ሲያወጣ ምንጩን እንዴት እናገኛለን?

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 (አሜሪካ ውስጥ ሚያታ ይሉታል) ጠዋት ሲነሳ «ጠክ ጠክ» ማለቱ የታወቀ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ቀላል ነው፤ መፍትሔውም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሞተር የሚያጠፋ ጉዳትም ግን የሚጀምረው በድምፅ ነው። ሁለቱን ለመለየት የድምፁ ጉልበት ብዙ አይረዳም። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ነው ወይስ ሲሞቅ? በምን ፍጥነት ይመታል? ምን ሲደረግ ይጠፋል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሳይመልሱ መፍቻ ማንሳት ገንዘብ ማባከን ነው። እዚህ የምናየው የመጀመሪያውን ትውልድ፣ ማለትም እስከ 1997 የተሠሩትን የ1.6 እና የ1.8 ሊትር ሞተሮች ነው።

ከመጀመርዎ በፊት መኪናውን ሜዳ ላይ፣ አየር በደንብ በሚገባበት ቦታ ያቁሙ። ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ። ረጅም እጅጌና የአንገት ሐብል አይሁን። የራዲያተሩ ማራገቢያ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ሳይታሰብ ሊነሳ ይችላል፤ እጅዎን ያርቁ።

በቅድሚያ ዘይቱን ይዩ

ሞተሩን ካጠፉ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ይጠብቁና የዘይት መለኪያውን መዝዘው፣ ጠርገው፣ መልሰው ይክተቱና ያንብቡ። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ሞልተው እንደገና ያዳምጡ። እነዚህ ሞተሮች ከማጣሪያው ጋር የሚይዙት ቢበዛ 4 ሊትር ገደማ ስለሆነ የአንድ ሊትር ጉድለት ትልቅ ነው።

ቀጥሎ ግፊቱ ነው። እስከ 1994 ባሉት መኪኖች ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የዘይት ግፊት ጌጅ እውነተኛ ነው፤ መርፌው ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ከ1995 ጀምሮ ግን መርፌው ግፊት አለ ወይም የለም ከማለት በቀር ምንም አይናገርም። ሁልጊዜ መሐል ላይ ቆሞ ስላዩት አይመኑት። የግፊት መላኪያው በሚታሰርበት ቀዳዳ ላይ የጋራዥ ጌጅ አስገጥመው ሞተሩ ሞቆ ይለኩ፦ በደቂቃ በ1,000 ዙር ከ2 እስከ 3 ባር፣ በ3,000 ዙር ከ3 እስከ 4 ባር መሆን አለበት። ከዚህ በጣም ከወረደ የሚሰሙትን ድምፅ ሁሉ እንደ ከባድ ነገር ይቁጠሩት።

ምቱን ይስሙ

ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሞተሩ በደቂቃ 850 ዙር ገደማ ይሠራል። ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) በሰከንድ 14 ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው የላይኛው ዘንግ) 7 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ስለዚህ የቫልቭ ድምፅ ቀጭንና ተለይቶ የሚሰማ «ጠክ ጠክ» ነው፤ በጣት መከተል ይቻላል ማለት ይቻላል። ከታች፣ ከክራንክሻፍቱ የሚመጣው ወፍራምና የተያያዘ ነው። ይህ ብቻውን ግን አይፈርድም። እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ብቻ ስለሚያቃጥል የቤላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ድምፅም አንዳንዴ በግማሽ ፍጥነት ይመታል።

አሁን ረጅም ካቻቢቴ ያምጡ። ጫፉን ከሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዎ ፊት ባለው አጥንት ላይ ያሳርፉ። የቫልቭ ክዳኑን ቡሎኖች ከፊት ወደ ኋላ ይከተሉ፤ ከዚያ ኢንጀክተሮቹን (ቤንዚን የሚረጩትን)፣ አልተርኔተሩን፣ የውኃ ፓምፑን፣ በመጨረሻ ከሥር የዘይት ኮፓውን (ማጠራቀሚያውን)። ኢንጀክተር በጤናውም «ቲክ ቲክ» ይላል፤ አራቱም እኩል ከሆኑ ይለፏቸው።

ድምፁ ከፊት ከመጣና የሚያጉረመርም ወይም የሚያፏጭ ከሆነ የውጭዎቹን ሁለት ቺንጋዎች አውጥተው ሞተሩን ለ30 ሰከንድ ብቻ ያስነሱ። ከዚያ አያስረዝሙት፤ የውኃ ፓምፑ የሚዞረው በአልተርኔተሩ ቺንጋ ነው። ድምፁ ከጠፋ ከአልተርኔተሩ፣ ከፓምፑ፣ ከመሪው ፓምፕ ወይም ከኤሲው ኩሽኔታ አንዱ ነው፤ በእጅ ሲያዞሩት የሚንገጫገጨው እሱ ነው። ካልጠፋ ከሽፋኑ ውስጥ ያለውን የታይሚንግ ቺንጋ (ካምሻፍቶቹን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያዞረው) መወጠሪያ ይጠርጥሩ። ቺንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚቀየር ነው፤ ሲቀየር መወጠሪያውም አብሮ ይቀየር። በእነዚህ ሞተሮች ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም።

ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ ማጥፋት

ከሁሉም ፈተና ብዙ የሚናገረው ይህ ነው። ሞተሩ እየሠራ የአንዱን ኢንጀክተር ሶኬት ይንቀሉ፣ ያዳምጡ፣ ይመልሱ፣ ወደ ቀጣዩ ይሂዱ። የካንዴላ ገመድ አይንቀሉ፤ ኤሌክትሪኩ ይመታል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚንም ማርሚታው ውስጥ ያለውን ካታሊስት (የጭስ ማጣሪያ) ይጎዳል። አንዱ ሲጠፋ ድምፁ ጎልቶ ከቀነሰ ጉዳዩ ከዚያ ሲሊንደር የቃጠሎ ጉልበት ጋር የተያያዘ ነው፦ የቤላ ብሮንዚን (ቤላው ክራንክሻፍቱ ላይ የሚያርፍበት ስስ ብረት)፣ ፒስተን ወይም የጭስ ማፈትለክ። ምንም ካልተለወጠ ወደ ቫልቮቹ ይመለሱ።

የቫልቭ ድምፅ ከሆነ

በእነዚህ ሞተሮች 16ቱም ቫልቮች ክፍተታቸውን የሚያስተካክሉት በዘይት በሚሞላ ትንሽ ፒስተን ነው። ዘይቱ ሲቆሽሽ ጠባብ መንገዱ ይደፈናል፣ ፒስተኑ አይሞላም፣ ባዶው ክፍተት ይመታል። መኪናው ብዙ ቀን ከቆመ ወይም አጭር መንገድ ብቻ ከተነዳ ይብሳል፤ ሲሞቅ ከጠፋ ምርመራው አልቋል ማለት ነው። 10W-30 ወይም 5W-30 ዘይትና ሲቆም ዘይቱ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ያለው ማጣሪያ ያስገቡ፤ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ሁለቱንም እንደገና ይለውጡ። ድምፁን ለማፈን ወፍራም ዘይት መጨመር መጥፎ ምክር ነው፤ ጠዋት ወደ ላይ የሚደርሰውን ዘይት ይበልጥ ያዘገየዋል። ሲሞቅም የማይጠፋ ከሆነ ካምሻፍቶቹ ወርደው መግፊያዎቹ (እነዚህ የዘይት ፒስተኖች ያሉባቸው) ይጸዳሉ ወይም ይቀየራሉ።

የሁለተኛው ትውልድ 1.8 ሞተር ይህ የዘይት ፒስተን የለውም። እዚያ ክፍተቱ በቀዝቃዛ ሞተር ይለካል፦ ማስገቢያ ከ0.18 እስከ 0.24፣ ማስወጫ ከ0.28 እስከ 0.34 ሚሊሜትር።

ብዙዎችን የሚያሳስት ሌላ «ጠክ ጠክ» አለ። የጭስ ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሞተሩ የሚያወጣው ቱቦ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሲያፈተልክ ልክ እንደ ቫልቭ ይመታል፤ ብረቱ ሲሞቅ ስለሚሰፋም ልክ እንደ ቫልቭ ይቀንሳል። ልዩነቱ ነዳጅ ሲረገጥ መበርታቱ ነው። በባትሪ መብራት ማኒፎልዱ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር የሚገናኝበትን መስመር ይዩ፤ ጥቁር የጥላሸት ጭረት ካለ ተገኘ። የላላ የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ደግሞ በተወሰነ ዙር ላይ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ወዲያው ማጥፋት የሚያስፈልግባቸው ሁለት ነገሮች

ከ1989 እስከ 1991 መጀመሪያ የተሠሩት 1.6 ሞተሮች የክራንክሻፍታቸው የፊት አፍንጫ አጭር ነው። የፊተኛው ፑሊ (ቺንጋዎቹን የሚያዞረው ክብ ብረት) ላይ አራት ቀዳዳ ብቻ ካለ ይህ ነው፤ የተሻሻለው ስምንት አለው። መሐል ያለው ቡሎን ከላላ የታይሚንግ ቺንጋውን ማርሽ ክራንክሻፍቱ ላይ የሚይዘው ትንሽ ብረት (ቁልፍ) እና የሚገባበት ጎድጓድ ይበላሉ። ኮፈኑን ከፍተው ሚኒሞ ላይ ፑሊውን ከላይ ትኩር ብለው ይዩት። እንደ ሳህን የሚወዛወዝ ከሆነ ያጥፉ። አጥብቆ መሄድ አይበቃም፤ ጎድጓዱ መታየት አለበት።

ሁለተኛው የቤላ ብሮንዚን ነው። ሞተሩ ሲሞቅ የሚብስ፣ በ2,500 ዙር ገደማ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ «ዱግ ዱግ» የሚል ወፍራም ድምፅ ነው። ማረጋገጫው ማጣሪያው ውስጥ አለ፦ ቆርጠው ወረቀቱን ይዘርጉና ፀሐይ ላይ ይዩት። የሚያብረቀርቅ፣ ማግኔት የማይስበው ፍርፋሪ ካለ ብሮንዚኑ እየተበላ ነው። ከዚያ በኋላ መኪናው ወደ ጋራዥ የሚሄደው ተጭኖ ብቻ ነው። ኮፓው ከፊት ተሸካሚው ብረት በላይ ስለተቀመጠ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ መነሳት አለበት፤ የሥራ ዋጋ ሲጠይቁ ይህንን አስቀድመው ይቁጠሩ።