ዶሮ ከግቢ ሲጎድል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ዶሮ በአውሬ ስትበላ አብዛኛው ሰው የሚወስደው እርምጃ አንድ ነው፤ የተረፉትን ቀኑን ሙሉ ይዘጋቸዋል። ይህ ለጊዜው ልብ ያሳርፋል። የተዘጋች ዶሮ ግን ሣር አትነጭም፣ መሬት ጭራ ትል አታወጣም፣ አፈር ላይ ተንከባልላ ራሷን አታጸዳም። ሥራ ስትፈታ የጓደኞቿን ላባ መንቀል ትጀምራለች፤ የመኖው ወጪም ሙሉ በሙሉ በባለቤቷ ትከሻ ላይ ይወድቃል። በእኔ እምነት መገደብ ያለባት ዶሮዋ ሳትሆን የምትወጣበትና የምትገባበት ሰዓት ነው። እያንዳንዱ አጥቂ የሚመጣበት ሰዓትና የሚገባበት ቀዳዳ አለው። ሁለቱን የለየ ሰው ዶሮዎቹን ሜዳ ሳይከለክላቸው ሊጠብቃቸው ይችላል።

ስለዚህ ጉዳት ሲደርስ መጥረጊያ ለማንሳት መቸኮል አይገባም። ልጆች እንዳያዩ ተብሎ ላባውና ደሙ ወዲያው ይጠረግና ዋናው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። ላባው የት እንደተከመረ፣ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደተበላ፣ እርጥብ አፈር ላይ ምን ዓይነት ዱካ እንዳለ መጀመሪያ ይታይ።

በሩ እንደተዘጋ ነው፤ ውስጥ ግን ጭንቅላቷና አንገቷ የተበላ ዶሮ ተገኝታለች

በከተማም በገጠርም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሸለምጥማጥ ነው። ሰውነቱ ቀጭን፣ ጭራው ረጅምና ቀለበት ቀለበት ያለው፣ ግድግዳና ዛፍ መውጣት የሚችል የሌሊት አዳኝ ነው። ጭንቅላቱ ባለፈበት ቀዳዳ ሰውነቱም ይከተላል። ብዙ ጊዜ የሚገባው በር በኩል ሳይሆን ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ነው። የቆርቆሮው ሞገድ ከማገሩ ጋር የሚፈጥራቸው ክፍተቶች ከታች ላየው ሰው ትንንሽ ይመስላሉ።

ቀዳዳውን ለማግኘት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ይህ ነው። ሲጨልም የበራ የእጅ ባትሪ ቤቱ ውስጥ አስቀምጦ በሩን መዝጋት፣ ከዚያ ከውጭ ቀስ ብሎ መዞር። ብርሃን የሚያፈተልክበት ቦታ ሁሉ ይታያል። በቀን ደጋግመው አይተው ያለፉት ስንጥቅ በዚህ ጊዜ ፍንትው ይላል። አውራ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሁሉ በጭቃ፣ በእንጨት ወይም በላሜራ ይደፈን። የአየር መግቢያው ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ በሽቦም ይሸፈን።

ሽቦው ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ባለ ስድስት ማዕዘኑ ቀጭን የዶሮ ሽቦ የተሠራው ዶሮ እንዳትወጣ ነው፤ አውሬ እንዳይገባ አይደለም። ጥርስ ይበጥሰዋል፣ መዳፍም ያልፍበታል። ዶሮ ከሽቦው አጠገብ ጭንቅላቷ ብቻ ጠፍቶ ከተገኘች አጥቂው ሳይገባ ከውጭ ስቦ በልቷታል ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ቀዳዳው ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ፣ የተበየደ ባለ አራት ማዕዘን ሽቦ ነው። ዋጋው ከፍ ስለሚል ግቢውን በሙሉ በእሱ ማጠር አይጠበቅም፤ ማደሪያውን ብቻ መሸፈን ይበቃል። ሽቦው በምስማር ብቻ ሳይሆን በላዩ ጠፍጣፋ እንጨት ተደርጎበት ይመታ። ቆጡም ከሽቦው ራቅ ይበል።

ወለሉ አፈር ከሆነ በግድግዳው ሥር ዙሪያውን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ ድንጋይ መሙላት፣ ወይም ሽቦውን ወደ ውጭ አጥፎ መሬት ላይ በድንጋይ ማስያዝ ይረዳል። የሚቆፍር አውሬ ከግድግዳው ሥር ጀምሮ ነውና የሚጭረው፣ ሽቦው ላይ ሲደርስ ይቆማል። በሩ በገመድ ብቻ የሚታሰር ከሆነ በመቀርቀሪያ ይተካ።

መርዝ የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ አጥብቄ እቃወማለሁ። መርዝ የተቀባ ሥጋ ሸለምጥማጥን ብቻ መርጦ አይገድልም። የጎረቤት ውሻ ይበላዋል፣ የሞተውን ውሻ ጥንብ አንሳ ይበላዋል፣ ሕፃንም ሊነካው ይችላል። ቀዳዳው ካልተደፈነ ደግሞ በሞተው ሸለምጥማጥ ቦታ ሌላ ይመጣል።

ጫጩቶች በቀን አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ደምም ላባም የለም

ይህ የጭልፊት፣ የጭላት፣ የቁራ ወይም የድመት ሥራ ነው። ለመለየት እናቲቱን ማዳመጥ ይጠቅማል። ዶሮ ከሰማይ ለሚመጣ አደጋና በምድር ለሚመጣ አደጋ የምታሰማው ድምፅ ይለያያል። ከላይ ጥላ ስታይ ሳብ ያለ ቀጭን ድምፅ ታሰማለች፤ ጫጩቶቹም ባሉበት ድርቅ ይላሉ ወይም ወደ መጠለያ ይሮጣሉ። ድመት ወይም ውሻ ስታይ ግን ሳታቋርጥ ትንጫጫለች። ጥቂት ቀን ልብ ብሎ የሰማ ሰው ወጥ ቤት ሆኖ አጥቂው ከየት እንደመጣ ያውቃል።

በነፃ ከሚለቀቁ ጫጩቶች አብዛኛዎቹ የሚጠፉት በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ነው። በዚህ ጊዜ ከእናታቸው ጋር በሽቦ በተሸፈነ፣ ወለል በሌለው፣ ሁለት ሰው አንስቶ ሊያዘዋውረው በሚችል ሣጥን ሥር ቢቆዩ ሣርም ትልም ያገኛሉ፣ ጭልፊትም አይነካቸውም። ሣጥኑ በየቀኑ ቦታ ይቀይር። እናቶቻችን ቅርጫት የሚደፉባቸው በከንቱ አልነበረም፤ ሐሳቡ ያው ነው፣ የእኛው ሰፋ ያለ ነው።

ላደጉት ደግሞ መሸሸጊያ ያስፈልጋል። ጭልፊት የሚወደው የተላጨ ሜዳ ነው። ቡና፣ ጌሾ፣ ሙዝ ወይም እንሰት ያለበት ግቢ ዶሮ ሮጣ የምትገባበት ጥላ አለው። ዛፍ ለሌለው ግቢ በአራት አጫጭር እንጨቶች ላይ የቆመ አሮጌ ቆርቆሮ ወይም ሰሌን ይበቃል፤ ዋናው ነገር ዶሮዋ ከየትኛውም ቦታ ተነስታ በጥቂት እርምጃ የምትደርስበት መሆኑ ነው። የሚያብረቀርቅ ሲዲ ማንጠልጠል ለጥቂት ቀን ያስፈራል፤ ከዚያ ወፏ ትለምደዋለች። ነቃ ያለ አውራ ዶሮ ግን ይጠቅማል፤ ሴቶቹ አቀርቅረው ሲጭሩ እሱ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። የላባ ቀለምም ለውጥ ያመጣል፤ ነጭ ዶሮ ከሩቅ ትታያለች፣ ገብስማና ቴተርማ ግን ከአፈሩና ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላሉ።

የሥጋ ትርፍራፊ ግቢ ውስጥ መጣል ጭላትንም ቁራንም መጋበዝ ነው።

ሲመሽ አይገቡም፤ ዛፍ ላይ ወይም አጥር ላይ ያድራሉ

ይህን ብዙ ሰው የዶሮ እልኸኝነት አድርጎ ያየዋል። ዶሮ ግን ጨለማ ላይ በደንብ አታይም፤ ሲመሽ ከፍ ያለና የለመደችው ቦታ ትፈልጋለች። ቤቷን ከሸሸች ቤቱ ውስጥ የሸሸችው ነገር አለ።

ብዙ ጊዜ ያ ነገር የዶሮ መዥገር ወይም ቅንቅን ነው። በቀን አይታዩም፤ በቆጡ እንጨት ስንጥቅ፣ በቅርፊት ሥርና በጭቃው ቀዳዳ ተደብቀው ይውላሉ። ማታ ይወጡና የተኛችውን ዶሮ ደም ይመጥጣሉ። ሁለት ሰዓት ያህል ከመሸ በኋላ በባትሪ የቆጡን የታችኛውን ጎን ማየት፣ ነጭ ጨርቅም በእንጨቱ ላይ ማሸት ነው። ጨርቁ ላይ ቀይ የደም ነጠብጣብ ከቀረ መልሱ ተገኝቷል።

መፍትሔው ዶሮዎቹን ማሳደድ አይደለም። ቆጡን ነቅሎ ማውጣት፣ ቅርፊቱን መላጥ፣ የፈላ ውኃ መድፋት፣ ግድግዳውን ስንጥቁን ደፍኖ በኖራ መቀባት፣ ጉዝጓዙን አውጥቶ ማቃጠል። የአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለዶሮዎቹና ለቤቱ የሚሆን መድኃኒት ያዛል። ግቢው ጥግ ላይ አመድ የተቀላቀለበት ደረቅ አፈር ቢኖር ዶሮዎቹ ራሳቸው እየተንከባለሉ ይከላከላሉ።

ቤቱ ንጹሕ ሆኖ ካልገቡ ደግሞ ሦስት ነገር ይታይ፦ ቆጡ ከእንቁላል መጣያው ዝቅ ያለ እንዳይሆን፣ ለእያንዳንዷ ዶሮ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ እንዲኖር፣ የኩሳቸው ሽታ ዐይን የሚያቃጥል እንዳይሆን። ከዛፍ የለመዱትን ማታ በእጅ አውርዶ ማስገባትና ለጥቂት ቀናት ሳያወጡ መመገብ ያስፈልጋል። የሀበሻ ዶሮ ሳሶና ቦቫንስ ከሚባሉት የውጭ ዝርያዎች ይልቅ ዛፍ ስለምትወድ ከእሷ ጋር ትዕግሥት ይጠይቃል።

ብዙ ዶሮዎች ሞተው ተበታትነዋል፤ የተበላ ግን የለም

ብዙ ጊዜ ውሻ ነው። አውሬ አብዛኛውን ጊዜ ተርቦ ይገድላል፣ ውሻ እየተጫወተ ይገድላል። የባዕድ ውሻ ከሆነ አጥሩን ከሥሩ ማጥበቅ፣ የራስ ውሻ ከሆነ ከቡችላነቱ ጀምሮ በማሰሪያ ይዞ ከዶሮዎቹ ጋር ማለማመድ ነው።

እንቁላል ይጠፋል፣ ወይም ቅርፊቱ ብቻ ይገኛል

ዶሮዎች አብዛኛውን እንቁላል የሚጥሉት ጠዋት ነው። ንጋት ላይ የተለቀቀች ዶሮ ቁጥቋጦ ሥር ትጥላለች፤ ቀሪውን ፋሮ የሚባለው ትንሽ አውሬና ቁራ ይጨርሱታል። አልፎም እዚያው ታቅፋ 21 ቀን ልቀመጥ ስትል ሌሊት አውሬ ይበላታል። እስከ ረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት ድረስ ቤታቸው ውስጥ ቆይተው ቢለቀቁ እንቁላሉ በእጅ ይገባል፤ ጎሕ ሲቀድ ከሚዞሩ አውሬዎችም ይተርፋሉ።

የተሰበረው እንቁላል መጣያው ውስጥ ከሆነና የአንዷ ዶሮ መንቁር አስኳል ከነካው አጥቂው ከውጭ አልመጣም። የደረቀና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ወይም የኖራ ድንጋይ ከመኖው ጋር መስጠት፣ መጣያውን ማጨለም፣ እንቁላሉንም ቶሎ ቶሎ መልቀም ያስተዋታል።

ሞተዋል፤ ቁስል ግን የላቸውም

እዚህ ላይ አውሬ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የተጣመመ አንገት፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ ከታየ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ይጠረጠራል። የሞቱት ለውሻ ሳይጣሉ በጥልቀት ይቀበሩ ወይም ይቃጠሉ፤ የቀሩት ከግቢ አይውጡ፣ ለገበያም አይቅረቡ፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያም ይጠራ። መከላከያው ክትባት ነው፤ መስጠት ያለበትም ዶሮዎቹ ጤነኛ ሳሉ ነው።

ሁሉም በአንድ ሌሊት ጠፍተዋል፤ አንድ ላባ የለም

በተለይ የፋሲካና የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከሆነ ሰው ነው። ቁልፍ ያስፈልጋል።

ከጥቃት በኋላ መቼ ይለቀቁ?

አንዴ የቀመሰ አጥቂ በማግስቱም በሠልስቱም ይመለሳል። ቀዳዳው እስኪደፈንና ጥቂት ሌሊቶች በሰላም እስኪያልፉ ዶሮዎቹ ውስጥ ይቆዩ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሜዳ መስጠት ለማይችል፣ ለምሳሌ ሥራ ውሎ ለሚመለስ ሰው፣ ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስኪመሽ መልቀቅ ከሁሉ የተሻለ ነው። ሰው ቤት ስለሚገኝ ጭልፊቱ አይደፍርም። ዶሮዎቹም ማደሪያቸው ስለደረሰ ርቀው አይሄዱም፤ በጀምበር መጥለቂያ ራሳቸው ይገባሉ። በአገራችን ጀምበር ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ገደማ ስለሆነ ሰዓቱን ልማድ ማድረግ አያስቸግርም። ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጣሳ ጥቂት በቆሎ እያንኳኩ መጥራት ነው። ሲገቡ ተቆጥረው በሩ ይቀርቀር፤ የተረፈው መኖም አይጥ እንዳይጠራ ክዳን ባለው በርሜል ይግባ።